የአባባ አጥንት

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በድሉ፣

ጅማ ያለው ቤትዎ በሙሉ እንደምን ሰነበተ? እኔ በልደታ ጥበቃ ደህና ነኝ።

በስልክ አልወጣልኝ ብሎ ነው የምጽፈው። ከልጅነቴ ጀምሮ በእርስዎ ስቀና ኖሬአለሁ። አባባ ላንቃዎ ላይ ያለውን የአጥንት ጉብታ በጣታቸው ዳብሰው «ይኸው፣ የኔ አጥንት» ብለው ይስቁ ነበር። የእኔን ሲያጡት ደግሞ «አንተስ የእናትህ ነህ» ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በመስታወት ፈለግኩት መሰለዎ።

በዚህ ጾም ቆሎ ስበላ ምላሴ ላንቃዬ ላይ አገኘው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ቅናቴ ተመለሰ። የእርስዎ ከልጅነትዎ አብሮዎት ያደገ ነው፤ የእኔ በስተርጅና መጣ። ባለቤቴ ፀዳለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ድድዋ ላይ ወጥቶ የወሰዳት ነገርም መጀመሪያ አላመማትም ነበር።

ልጄ ማሂ «አባዬ፣ ቆሎ ጠላህ እንዴ?» ትለኛለች።

«ጥርሴ አርጅቶ ነው» እላታለሁ።

የእርስዎ ከጎለመሱ በኋላ አድጎ ያውቅ እንደሆን ይጻፉልኝ። ለእትዬ ወርቅዬና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እግዚአብሔር በጤና ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምዎ አስፋው

ጋሼ፣ ፖስታውን ሳላሽገው ማሂን ጠራኋት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እንድታየው አፌን ከፈትኩላት።