ክሩን መክብብ ላይ ለምን ተውከው?

ይድረስ ለአባዬ፣ ለመሪጌታ አያሌው፤ ባለህበት።

በቅድሚያ ኑዛዜ አለብኝ። እኔ በደለኛዋ ልጅህ፣ እማዬ በነጠላ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን መነጽርህን ሰርቄ፣ አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ በስልክ ፎቶ ተነስቻለሁ። ጳጳስ መስዬ ነበር። ፎቶውን ለሁለት ጓደኞቼ ብቻ ነው ያሳየሁት፤ ሦስተኛዋ በራሷ ጊዜ አየችው። ለመምሬ ዘውዴ ከምናዘዝ ላንተ ይሻለኛል ብዬ ነው፤ አንተ ስግደት አታዝም።

ከተለየኸን ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። የተማሪዎችህ ጎጆ አሁን የገለባ ማከማቻ ሆኗል፤ ልጆቹ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ እመጣለሁ። ይህ ሁሉ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው፣ እማዬ ላንተ ማውራት ትታለች። ያስተውኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሞትክ ጀምሮ ጠዋት በር ትከፍትና፣ ከሰው ሳትነጋገር በፊት መደብህ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወሬውን ሁሉ ትነግርህ ነበር። ማን ማንን እንዳገባ፣ ውርጭ የማንን ገብስ እንደመታ፣ እኔ ሒሳብ ላይ ስንት እንዳመጣሁ። ይኼን የመጨረሻውን እንኳ ብትዘለው ደስ ይለኝ ነበር።

የሙት ዓመትህ ተዝካር ዕለት ፍትሐቱ አብቅቶ ካህናቱ ዳሱ ውስጥ ጠላ ሲዞርላቸው፣ ወንድምህ ጋሼ ደምሴ ያንን የወረዳ ስብሰባ ድምፁን አውጥቶ «የመሪጌታ ልጅ ከአባቷ መጽሐፍ አንድ ነገር ታንብብልን» አለ። እኔም መቼም መታየት አልጠላም። መጽሐፍ ቅዱስህን ሳመጣ ቀዩ ክር መክብብ ላይ ነበር። በእኛ ቤት ክር ያረፈበት ቦታ አንተ የመረጥከው ነው፤ አስቀድሜ ልየው አላልኩም። ሕያዋን እንደሚሞቱ ያውቃሉ የሚለውን በግርማ አነበብኩ። ሙታን ግን ምንም አያውቁም የሚለው ጋ ስደርስ አፌ ዓይኔን ቀድሞት ነበር።

መምሬ ዘውዴ ጉርሻቸውን አፋቸው አጠገብ እንደያዙ ቀሩ። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ «ታዲያ ለማን ነው ስንበላ የዋልነው?» አሉ፤ እሳቸው እንኳ ጠየቁ እንጂ መብላቱን አላቋረጡም።

መምሬ ጉርሻውን ዋጥ አድርገው «ይህ የጠቢብ እንጉርጉሮ ነው። ከፀሐይ በታች ለዓይን የሚታየውን ነው የተናገረ። በእንጉርጉሮ ላይ ሃይማኖት አይመሠረትም» አሉ። ጋሼ ደምሴ ደግሞ «ሲመቻችሁ ቃለ እግዚአብሔር፣ ሳይመቻችሁ እንጉርጉሮ» አላቸው።

አባዬ፣ ግራ የገባኝ ሁለቱም ልክ ስለመሰሉኝ ነው። ዳዊት ተራሮች ዘለሉ ሲል፣ የጓሳ ተራራ ሲዘል አይቻለሁ የሚል ሰው በመንዝ የለም፤ ቅኔ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ነገር ግን መጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የሚለውን መምሬ ዘውዴ እግሬ ላይ ሲፈጽሙት፣ አንድ ቀን እንኳ ይህስ ቅኔ ይሆን ብለው አያውቁም። ድንበሩን ማን ነው ያሰመረው? እግሬ ላይ ሲሆን ቀጥተኛ፣ ተዝካር ላይ ሲሆን እንጉርጉሮ የሚያደርገው?

አንተ ማን ተናገረው፣ ለማን፣ ምን አግኝቶት ብለሽ ጠይቂ ትለኝ ነበር። የኢዮብ ወዳጆች ንግግራቸው እንዴት እንደሚያምር፣ እግዚአብሔር ግን በመጨረሻ እንደተቆጣቸው የነገርከኝ ገብስ ስናጭድ ነው፤ ማጭድህን መሬት አስቀምጠህ። እማዬ ከወዲያ ማዶ «ኢዮብ ያጭድልሃል?» አለችህ። እሺ፣ የእነሱስ ስሕተት እዚያው ተነገረ። መክብብ ላይ ግን ይኼኛውን ያዙ፣ ይኼኛውን የኀዘን ቃል ነው ብላችሁ እለፉ የሚል አላገኘሁም።

እማዬ ድስት እንደያዘች ዳሱ መግቢያ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በማግስቱ መደብህ ላይ ተቀመጠች፤ አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን መቀመጡንም ተወችው።

ያበላሸሁትን ላስተካክል ብዬ መምሬ ዘውዴን ለምኜ አመጣኋቸው። አንድም ሙታን ያለው ኃጥአንን ነው፣ አንድም ሥጋቸውን ነው፣ አንድም የዚህን ዓለም ጣጣ አያውቁም ሲል ነው እያሉ እስከ ሦስት ቆጠሩላት። እማዬ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና «ሦስት ከሆነስ አባቴ፣ ጠዋት ስነሣ የትኛውን ልያዝ?» አለቻቸው። መምሬ መቋሚያቸውን መፈለግ ጀመሩ። መቋሚያው እጃቸው ላይ ነበር።

ዛሬ መጽሐፍህን እንደገና ገለጥኩት። ከዚያ ጥቅስ አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፣ በዚያች ጉንዳን በምታክል ጽሕፈትህ «ይጠየቅ» ብለሃል።

አንተም? ይህን ሁሉ ዘመን አስተምረህ? እኔ ክሩን እዚያ ያቆየኸው ስላወቅከው መስሎኝ ነበር እኮ። ማንን ልትጠይቅ ነበር? ሌሎቹን ገጾች አንድ በአንድ አገላበጥኩ፤ መልስ የለም። አሁን መልሱን ሊያውቅ የሚችል ሰው ቢኖር አንተ ነህ፤ ታውቃለህ ወይ የሚለው ግን ራሱ ጥያቄው ነው። ስንት ጊዜ ባዞረው እዚያው ይመልሰኛል።

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። የአንተን ነገር እንዳልከው ይጠየቅ ብዬ አቆየዋለሁ። ሕያዋን ያውቃሉ የሚለውን ግን በቀጥታው እይዘዋለሁ፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። ሳልህ ከመልስህ ቀድሞ ይመጣ እንደነበር፣ ያላወቅከውን ነገር ስትጠየቅ ጢምህን ወደ ግራ ትጠመዝዝ እንደነበር አውቃለሁ። እዚያው ገጽ ላይ መታሰቢያቸው ተረስቷል ይላል። እሱ እንኳ እኔ እያለሁ—

ጥላ ወረቀቱ ላይ ወደቀብኝ። እማዬ ናት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ማንበብ አትችልም፤ ስምህን ግን የትም ብታየው ትለየዋለች።

«ትርሲት» አለችኝ። ቀና አልኩ። መደብህ ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ዳለቻዋ በግ መንታ ወለደች በይው።»