የእማዬ ልክ

ይድረስ ለእታለም፣ ለታላቄም ለሚስጥረኛዬም።

እንደምን ከረማችሁ? አንቺስ እንዴት ነሽ? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሳብሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ፣ ልጅሽ፣ አባዬ፣ ሁላችሁም በጤና ናችሁ? ስለ እማዬ ግን እንደ ሌሎቹ በአንድ ቃል ጠይቄ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው ይህን ወረቀት የያዝኩት። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እማራለሁ፣ መርፌውም ጣቴን መውጋት ትቶኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። በስልክ ስናወራ እማዬ አጠገብሽ ናት፤ እኔ ልጠይቅ ስል አንቺ አይሰማም፣ ይቆራረጣል ትያለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ሹፌሩ ነው፤ አብሮት ያለው ጥቅል ደግሞ የእማዬ ቀሚስ ነው።

ታስታውሺ እንደሆነ በጥቅምት የመመረቂያ ሥራችን ተሰጠን። ለአንድ በሕይወት ላለ ሰው፣ በራሱ ልክ፣ ልብስ ነድፎ መስፋት ነው። ጓደኞቼ ዘፋኝ መረጡ፣ ሙሽራ መረጡ። እኔ እማዬን አልኩ። ዕድሜዋን ሙሉ የአክስታችንን ቀሚስ ስታሳጥር፣ የአንቺን ጉርድ ስታስረዝም ኖራ፣ አንድም ቀን ለእሷ ተብሎ የተቆረጠ ጨርቅ ገላዋ ላይ አላረፈም። ልኳን በስልክ ስታነቢልኝ ከኋላሽ ሆና "ምን ግንድ አስመሰላችሁኝ፣ ኮርኩራችሁ ልትገድሉኝ ነው" እያለች ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ደረት መቶ ሁለት፣ ወገብ ዘጠና አንድ፣ ዳሌ መቶ ስምንት።

የስፌት ክፍላችን ውስጥ ልብስ የሚለካበት፣ ራስና እጅ የሌለው የጨርቅ ገላ አለ፤ "ዝምተኛዋ" እንላታለን። ቀጭን ናት። ስለዚህ ጥጥ እየደራረብኩ፣ በስስ ጨርቅ እየጠቀለልኩ እማዬን አስመሰልኳት። ሆዷን ሳይቀር አወጣሁላት። ጠዋት ክፍል ስገባ እንዴት አደርሽ እላት ነበር፤ ጓደኞቼ ይቺ ልጅ ለየላት አሉኝ።

በጥር ልኩን ድገሚልኝ ስልሽ ደረቷ ስድስት፣ ወገቧ ዘጠኝ ሳንቲ ጎድሎ መጣ። እኔስ ምን አልኩሽ? ሜትር መያዝ አታውቂም፣ ሥራዬን አበላሸሽው ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺም "እሺ፣ ተሳስቼ ይሆናል" አልሽ። እታለም፣ ያንን ቀን ባሰብኩት ቁጥር መግቢያ ነው የሚጠፋኝ። እውነቱን ነግረሽኝ የጮህኩብሽ እኔ ነኝ፤ መዋሸቱንም ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ።

በሚያዝያ ያነበብሽልኝ ልክ ቁርጥ እንደ ጥቅምቱ ነበር። ደስ ብሎኝ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ወደ አስተማሪያችን ሮጥኩ። ይህችን ሴትዮ ነግሬሻለሁ፤ የሠራነውን ሁሉ አፍርሳ "እንደገና" ስለምትል እትዬ እንደገና ብለናታል። የጥቅምቱንና የሚያዝያውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና "ልጄ፣ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ግማሽ ሳንቲ እንኳን አይለወጥም? ይህን ያነበበችልሽ ሴት ሜትር አልያዘችም" አለችኝ። እንደገና አላለችኝም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ለሹፌሩ ደወልኩ። ምስኪን፣ የማውቅ መስሎት "እንኳን ከሆስፒታል ወጣችላችሁ" አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኝታ፣ እኔ በየሦስት ቀኑ እየደወልኩ፣ አንዳችሁም ትንፍሽ አላላችሁም! ገበያ ወርዳለች፣ እንቅልፍ ወስዷታል ስትሉኝ አምን ነበር። እስከ ዛሬ የበሽታውን ስም እንኳን የነገረኝ ሰው የለም።

ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ፈተናው ሊጀመር ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ ከሄድሽ ዓመቱን ትደግሚያለሽ አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ደንቡን አውጥቶ አሳየኝ፣ ውሃም ሰጠኝ። ቢሆንም ልብሴን ሸከፍኩ። ለአባዬ እመጣለሁ ብዬ ስደውል እማዬ ስልኩን ነጥቃ "ትምህርትሽን ጥለሽ ብትመጪ ዓይንሽን አላይም" አለችኝ። ድምጿ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ብሄድ እሷ ትከፋለች፣ ብቀር እኔ እሞታለሁ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ አሁንም እንደጠፋኝ ነው።

አባዬን ብቻ እውነተኛውን ልኳን ላክልኝ ብዬ ለመንኩት። እንዳትቆጪው። ቁጥር ማንበብ እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ስታሸልብ በሲባጎ ለክቶ በሹፌሩ እጅ ላከልኝ። ሦስት ሲባጎ ነው። አንድ ቋጠሮ ያለው ደረቷ፣ ሁለት ቋጠሮ ያለው ወገቧ፣ ሦስት ያለው ዳሌዋ። ወገቧን ሜትሩ አጠገብ ዘረጋሁት፤ ሰባ ሁለት። እኔ ራሴ ሰባ አራት ነኝ። ከዝምተኛዋ ላይ ጥጡን እፍኝ እፍኝ እያወጣሁ ስጥል እትዬ እንደገና መጣችና አብራኝ ታወጣ ጀመር። ጥጡ ወለሉ ላይ ተከመረ።

ቀሚሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ እጅጌው እስከ ክርኗ ይደርሳል። ቁልፌ ጠፋ እያለች ቤቱን ስለምታተራምሰው ጥልቅ ኪስ አድርጌለታለሁ። ሥራችን በታየ ቀን ከፈታኞቹ አንዱ አገላብጦ አየውና "ቆንጆ ነው፤ ለታናሽ እህትሽ ነው?" አለኝ። ስለ ጨርቁና ስለ ቀለሙ ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ለእናቴ ነው አልኩና በሰው ፊት አለቀስኩ። አልፈሻል ብለውኛል፤ ደስታው ግን አልመጣም።

የቀረው ፈተና ሰኔ አሥር ያልቃል፤ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነኝ። እስከዚያ እጄ የሚደርሰው እዚህ ጥቅል ድረስ ብቻ ነው። ሳታለብሻት በፊት ቀሚሱን ገልብጪና ጎኖቹን እዪ። በየስፌቱ ውስጥ አራት አራት ሳንቲ ትርፍ ጨርቅ አጥፌ ትቻለሁ። ይህን ያህል አይተውም፤ ጎኑን አወፈርሽው ተብዬ ነጥብ ተቀንሶብኛል፤ ይቀነስ። ክሩንም አላልቼ ነው የሰፋሁት፤ በጥፍርሽ ብትስቢው ይተረተራል። ምግብ ተስማምቷት፣ ደረቴን ያዘኝ፣ ጠበበኝ ያለች ቀን ተርትረሽ አስፊላት። ያን ቀን ሰዓት ሳታዪ ደውዪልኝ። ከሰፋት ደግሞ፣ እታለም፣ እሱንም ንገሪኝ። አልጮህም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚያት። አባዬን ሲባጎው ደርሶኛል፣ ልኩም ትክክል ነው በይው። ሹፌሩን አመስግኚልኝ፤ አፉ አመለጠው ብላችሁ እንዳትቀየሙት። እማዬን እቀፊልኝ፤ ቀስ ብለሽ።

ታናሽሽ

ከሴቶች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ግንቦት 19 ቀን