የዛምፊራ ሁለተኛ ሳፋ

ውድ ኦቲሊያ፣

«ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልሽ ነበር፤ ግን ደክሞኛል፣ ለመዋሸትም አቅም የለኝም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። ዛምፊራ ያን ፈተና ለምን እንደወደቀች አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ሰፈራችን የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? የዛምፊራ አባት መዳቡን እየቀጠቀጠ፣ «ይቺ ቀጫጫ ደግሞ ምን ልታስተምረን ነው?» ሲል፣ እኔ «እንኳን ደህና መጣሽ ይልሻል» ብዬ ተረጎምኩልሽ። አስተርጓሚሽ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበረች። አንቺ ግን የሠራቸውን ድስቶች ክፍል ድረስ አስመጣሽው። ልጆቹ ግማሽና ሩብን ውኃ እየገለበጡ ተማሩ። ዛምፊራ ገና በሰባት ዓመቷ የድስቱን አፍ በገመድ ለክታ ስንት ስንዝር መዳብ እንደሚበቃው ትነግርሽ ነበር። አባትየው ከዚያ ወዲያ አልሳቀብሽም።

ከዚያ ያች ሴትዮ ልጆቹን ልትፈትን ከከተማ መጣች። አንቺን ውጪ ጠብቂ አለችሽ፣ እኔን ለማስተርጎም አስቀረችኝ። ሳፋ የተሳለበት ወረቀት ዘረጋችና ሳህን፣ ማንኪያ፣ ጉርድና ካልሲ የተሳሉባቸውን ካርዶች ለዛምፊራ ሰጠቻት። «የሚታጠቡትን ሁሉ ሳፋው ውስጥ አድርጊ።»

ዛምፊራ ሳህኑንና ማንኪያውን አስገባች። ጉርዱንና ካልሲውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ ሩጃ፣ ሌላው ሳፋስ?» አለችኝ በኛ ቋንቋ።

«ምን አለች?» አለች ሴትዮዋ።

«ምንም» አልኳት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሴትዮዋ ደጋግማ ጠየቀቻት። ዛምፊራም ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ሥር ደብቃ አፏን ዘጋች። «መለየት አትችልም፣ ትእዛዝ አትቀበልም» ተብሎ ተጻፈባት።

እኛ ዘንድ ከወገብ በታች የሚለበስ ነገር ሰው ከሚበላበት ዕቃ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብም። ይህን ገና ሳትናገር ጀምሮ እያየች ነው ያደገችው። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ግን አፈርኩ፣ ኦቲሊያ። ሴትዮዋ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በመሐረብ ስትጠርግ አይቻታለሁ። ቆሻሻ ናችሁ በምትለን ሰው ፊት ስለ ንጽሕናችን ማውራት አቃተኝ። ትስቅብናለች ብዬ ፈራሁ።

አንቺ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ስትጨቃጨቂ ሰነበትሽ። «ማስረጃ አምጪ» አለሽ። ኮሪደሩ ላይ ጠብቀሽ፣ «ሩጃ፣ የምታውቂው ነገር አለ እንዴ?» አልሽኝ። «እኔ ምን አውቄ» አልኩሽ። በበልጉ ሄድሽ፤ «ምናልባት እኔ ነኝ ማስተማር ያልቻልኩበት» ብለሽ ሄድሽ። አንቺ ያጎደልሽው ነገር አልነበረም። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

ዛምፊራ «አይገባቸውም» የተባሉ ልጆች በሚከተቱበት ጓሮ ባለው ልዩ ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ የዳክዬ ሥዕል ስትቀባ ኖረች። ድጋሚ እንድትፈተን ክረምቱን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቼ በመጨረሻ ፈቀዱልኝ። ሐሙስ ነው። የምትመጣውም ያችው ሴትዮ ናት። ካለፈች አንቺ ካስተማርሻቸው ልጆች ጋር አራተኛ ክፍል ትገባለች፤ ከወደቀች እስከ መጨረሻው እዚያው ናት።

ትናንት ላለማምዳት ብዬ ሳፋ ሣልኩላት። ሁሉንም ሰብስባ አንድ ላይ ከተተችው፤ ሳህኑን፣ ማንኪያውን፣ ጉርዱን፣ ካልሲውን።

«አሁን ገብቶኛል፣ እትዬ ሩጃ። እነሱ የሚፈልጉት እንዲህ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አያቴ ግን እንዳትሰማ» አለች።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ሐሙስ ቤትሽ እንደምታደርጊው አድርጊ» አልኳት።

«ደግሜ ብወድቅስ?»

  ሐሙስ ከቤቴ ሁለት ሳፋ ተሸክሜ ነው የምገባው፤ አንዱ የዕቃ፣ አንዱ የጉርድ። በሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ከፈለገች ትሳቅ። ዛምፊራ የምትለውን አንድም ቃል ሳላስቀር እተረጉማለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱን ከሐሙስ በኋላ እጠይቅሻለሁ።

ያን ቀን «ምንም» ያለችው፣
ሩጃ