ደለሉን በክንዳቸው የለኩት መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው «አባ ቱቦ» እያለ የሚጠራቸው መሐንዲሱ አጎታችን፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው መጋቢት 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር፣ ሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር እየተጓዙ ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. ምህንድስና ኮሌጅ ገቡ። በ1970 ዓ.ም. ተመርቀው በማዘጋጃ ቤቱ የጎርፍ መከላከል ክፍል ተቀጠሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠሩበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለነበረ ከሥሩ የታጠፈ አሮጌ ካርታ ያስገቡለት ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ቤት ውስጥ ቁጣ አያውቁም፤ ቦይ ውስጥ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ሲያዩ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. በገበያው መንገድ ዳር የነበረው ክፍት ቦይ ሽታው ቢያስቸግር ነዋሪው አቤት አለ። ቦዩ በኮንክሪት ክዳን እንዲሸፈን የፈረሙት አጎታችን ነበሩ። ሽታው ጠፋ፤ ሰውም መረቃቸው። ክዳኑ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሱቆች ተሠሩ፤ አንዱ የባለቤታቸው የስፌት ሱቅ ነበር። ይህን የጻፍነው እሳቸው ስላዘዙን ነው። በታመሙ ጊዜ «ያቺን ፊርማዬን ከዘለላችኋት፣ የምታነቡት የሌላ ሰው ታሪክ ነው» ብለውናል።

በ1988 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ክዳኑ ሥር በደረታቸው እየተሳቡ ገቡ። ክንዳቸውን እርጥቡ ደለል ውስጥ ቢከቱት እስከ ብብታቸው ሰመጠ። ለውሃው ማለፊያ የቀረው ሁለት ስንዝር ብቻ ነበር። ከገበያው በታች ሁለት መቶ ያህል ቤቶችና አንድ የሕፃናት ማቆያ አሉ።

ክዳኑ ተከፍቶ ደለሉ እንዲዛቅ ሱቆቹ ይነሡ ብለው በየደጃፉ ቢለምኑ የሚሰማቸው ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩማ «ትናንት ክደኑ፣ ዛሬ ክፈቱ! አባ ቱቦ፣ ይሄ ቦይ ነው ወይስ ድስት?» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀባቸው። አጎታችን በማግስቱ መጀመሪያ ያፈረሱት የባለቤታቸውን ሱቅ ነው። ባለቤታቸው የስፌት መኪናቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ፤ አሥራ አንድ ቀንም አላነጋገሯቸውም። ይህን ያዩ ሌሎቹ ባለሱቆች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ደለሉም ተዛቀ። የፀጉር አስተካካዩ ቤት ብቻ ቀረ።

ሐምሌ 14 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ከላይ ያመጣውን ላስቲክና ቅርንጫፍ ሁሉ ፀጉር ቤቱ ሥር ወተፈው። ቦዩ ሞልቶ ወደ ቁልቁለቱ መፍሰስ ጀመረ። ማቆያው ውስጥ ሠላሳ አንድ ሕፃናት ነበሩ፤ መውጫቸው ያው ቁልቁለት ነው። አጎታችን ወገባቸውን በገመድ አሳስረው፣ ጫፉን ለሁለት ሠራተኞች አስይዘው ፀጉር ቤቱ በር ላይ ደረሱ።

«ልጄ፣ ሰዎቹን አስወጣ። ማፍረሴ ነው» አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ወለሉን አየ። ውሃው በስንጥቁ እየፈላ ይወጣ ነበር። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛውን ከነፎጣው አስወጥቶ ድጅኖ ይዞ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ዞር ይበሉ። የራሴን ቤት እኔው ላፍርሰው» አለ።

ሁለት ክዳን ነቀሉ። ሦስተኛው አምልጦ የአጎታችንን ግራ እግር ሰበረው። እሳቸው ግን ውታፉ በአካፋ ተበርብሮ ውሃው መንገዱን እስኪያገኝ ድረስ «አልወጣም» ብለው ገመዱን ይዘው ቆሙ። ጎርፉ የማቆያውን የመጀመሪያ ደረጃ አርሶ ጎደለ። ብዙ ቤት ውሃ ገባ፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አጎታችን የሠሩት ቦይ ሁሉ ሁለት ሰው የሚያነሣው የብረት ክዳን አለው። ከገበያው በላይም ጎርፉን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ማቆያ ኩሬ አስቆፍረዋል፤ በበጋ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ2006 ዓ.ም. በከዘራ እየተደገፉ ጡረታ ወጡ።

በኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተዋል። ፀጉር አስተካካዩ በየቅዳሜው ቤት ድረስ እየመጣ ይላጫቸው ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ እየጣለ ሳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጆቻቸው ደንግጠው ሊቀሰቅሷቸው ሲሉ ባለቤታቸው «ተዉአቸው። በዝናብ ሲተኙ በአርባ ዓመት ትዳራችን ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አሉ። ዝናቡ ሳያባራ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ለእነሱ ብርታቱን፣ ለአጎታችን ነፍስም ሰማይ ቢጠቁር የማይቋረጥ ዕረፍት ይስጥልን። አሜን።