የኮርቢኒያን ፊት

ይድረስ ለልጄ ወዳጅ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እዚያ ሙኒክ ዳቦ በሰልፍ ሆኗል ይላሉ፤ ትበያለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ፊደሉ ቢጣመም አትቀየሚኝ።

የልጄ የኮርቢኒያን መርዶ ከጦር ግንባር የደረሰኝ ድርቆሽ ስንሰበስብ ነው። የመንደሩ ሹም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሜዳው ሲመጡ አየኋቸው፤ አጠገቤ ሳይደርሱ ገባኝ። እሳቸው ሲናገሩ እኔ የማየው ከኋላቸው ያለውን ተራራ ነበር። ተራራው በጠራራ ፀሐይ ቀይ ሆኖ ነበር። ኮርቢኒያን እንዲያ አድርጎ ሲስለው እስቅበት ነበር። ላሟን ሰማያዊ ያደረጋት ጊዜማ፣ “ወተቷ ቀለም ሆኖ እንዳይወጣ” አልኩት። እሱም፣ “እማዬ፣ እኔ የምስለው ቆዳዋን አይደለም” አለኝ።

አንቺ ትውልድሽ ከሰሜን ነውና ልማዳችንን ላታውቂው ትችያለሽ። በሠላሳኛው ቀን ቅዳሴ ለሕዝቡ ትንሽ ካርድ ይታደላል፤ የሟቹ ፊት አለበት፣ ከሥሩ ጸሎት። ሰው በጸሎት መጽሐፉ ውስጥ አኑሮ ዕድሜ ልኩን ያየዋል። ኮርቢኒያን ደግሞ ፎቶግራፍ አልነሣም ብሎ ነው የኖረው። እኔ ያለኝ በእንጨት ቀርጾ በወረቀት ያተመው የገዛ ፊቱ ብቻ ነው።

አጎቱ ዛቨር አገላብጦ አየውና፣ “ይሄ ሰው ነው ወይስ ያረረ ድንች?” አለ። በማግስቱ የራሱን ልጅ ፎቶ ይዞ መጣ። “ወታደር ቆብ ካደረገ ሁሉም አንድ ነው፤ ማን ይለየዋል?” አለኝ። ጎረቤቴ፣ “ልጅህ በሕይወት እያለ ፍትሐት ልናደርግለት ነው?” ብትለው አቀርቅሮ ወጣ። ቄሱ እንኳ በደግነት፣ “እናቴ፣ ይህን ያየ ይስቃል እንጂ አይጸልይም” አሉኝ።

ምስሉን ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩት። አንዱ ዓይን ትልቅ፣ ሌላው ጭፍን ያለ፣ አፉ ክፍት፣ ጉንጩ በቢላ የተጠረበ፤ ለብዙ ቀን ትክ ብዬ ማየት አልቻልኩም። ትናንት ጧት ጉም መንደሩን ሸፈነው። ሕልም ይሁን እውን እንጃ፣ ኮርቢኒያን ለመጨረሻ ጊዜ በፈቃድ የመጣ ዕለት እንደተቀመጠው ከጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ አየሁት። ያን ዕለት ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ግድግዳውን ብቻ ሲያይ ነበር። አንዱ ዓይኑ ይርገበገባል፤ አፉን ይከፍታል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ያ ፊት ይኸው ይህ ፊት ነው። የቀረጸው ግን ገና ጦርነት ሳይነሣ ነው። እኔ እናቱ ያላየሁትን እሱ አስቀድሞ አይቶት ኖሯል።

ስለዚህ ሌላ ፊት አይታተምም ብያለሁ። ይህን ሁሉ ለቄሱ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ “እንግዲያው የመጀመሪያውን ካርድ ለእኔ ይስጡኝ” አሉ።

የተቀረጸው እንጨት አንቺ ጋ ነው። ለመንደሩ የሚበቃ አሳትሚልኝ። ራስሽ ግን አትሥሪው፤ የቀለሙ ሽታ ጧት ጧት ያስመልሰኛል ብለሽኛል። ከጓደኞቹ አንዱ ያትመው። እንጨቱንም አታንሺ፣ ከባድ ነው። ካርዶቹን ይዘሽ አንቺው ነይ። ጣቢያ ድረስ በጋሪ መጥቼ እቀበልሻለሁ። የኮርቢኒያን ክፍል ፀሐይ ይገባዋል፤ ወተትም አለን። ቀለበት የላትም የሚል ቢኖር መልሱን ከእኔ ይሰማል።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የያዝሽውንም በሰላም ያድርስልሽ።

አማትሽ

ከምስሉ ሥር ይህን አስጽፊልኝ፦ ይህን ካርድ የያዛችሁ ሁሉ፣ ፊቱ ቢያስደነግጣችሁም አታዙሩት። ልጄ ነው። ስለ ኮርቢኒያን ነፍስ ጸልዩ።