የዘለልኩት መስመር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። ስልሳ የሚተኮስ ሸሚዝ ይጠብቀኛል። ካውያው ከእኔ ቀድሞ ግሏል...

ያረፈድኩት በእማዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳልወጣ አብረን «አባታችን ሆይ» እንላለን። ስሜን ከረሳች ቆየች፤ የሞተችው ታላቅ እህቷ እየመሰልኳት «እትዬ» ነው የምትለኝ። ቁርስ መብላቷን አታስታውስም። ከጸሎቱ ግን አንዲት ቃል አልጣለችም። ዛሬ መሃል ላይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«እትዬ፣ ዘለልሽ።»

«ምኑን?»

«እንደገና። ከመጀመሪያው።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

እውነቷን ነው። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ አፌ ራሱ ያልፈዋል። ከመቼ ጀምሮ?

አውቀዋለሁ ከመቼ ጀምሮ። ታላቅ ወንድሜ «ተራው የእኔ ነው» ብሎ እማዬን ወሰዳት። በሦስተኛው ወር ከነሻንጣዋ ደረጃዬ ላይ አስቀምጧት ሄደ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ዝናብ ነበር። ጎረቤት ነው ያገኛት። ሻንጣው ላይ ብጣሽ ወረቀት... «አልቻልኩም።» ሌላ ቃል የለም። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ሲደውል አላነሳለትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

አራት ጊዜ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። በአራተኛው መስመሩን ቶሎ ብዬ አልኩትና ቦርሳዬን አነሳሁ። ለአውቶቡስ ስል እግዜርን ዋሸሁት?

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አጠገቤ የምትተኩሰውን «ሬዲዮ» ነው የምንላት፤ ዝምታ አታውቅም። ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? በይው!»

«ከልቤ አይደለማ።»

«እኔስ ይህን ሁሉ ሸሚዝ ከልቤ የምተኩስ መስሎሻል? ግን ይተኮሳል።»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ጠዋት ያልኩት ቃል ግን አብሮኝ ይውላል። እንፋሎቱ ውስጥ። አንገትጌ ላይ ሳጎነብስ። ሸሚዙን የማነሳበት ክንድ ነው ቂሙንም የሚይዘው። ደክሞኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

እማዬ መዋጥ እያቃታት ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ አየቻት።

«ሾርባም ቢሆን በትንሽ በትንሹ። ሌላ ልጅ አላት?»

የለም ልል ነበር። «አለ» አልኩ።

«ይምጣ። ዛሬ ነገ አትበሉ።»

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ድምጿ አልወጣም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እዚያ መስመር ላይ ደረስኩ። ብዘልለው የሚይዘኝ የለም።

ቆምኩ። «አልቻልኩም» አልኩት፣ ከላይ ያለውን። የወንድሜን ቃል... «አልቻልኩም፣ አንተው በልልኝ።» ያማረ ጸሎት አይደለም። እንባ እንኳ የለውም። መልስ ጠበቅኩ? ኩሽና ውስጥ ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ ሌላ ነገር የለም። ስልኬን አነሳሁ።

ወንድሜ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ሞተች?»

«አልሞተችም። ና።»

እሑድ፣ ኅዳር 15

መጣ። ሸብቷል። በሩ ላይ «እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኔም ጨርስ አላልኩትም። እማዬ ሐኪም መስሏት ምላሷን አወጣችለት። ሳቅ ይሁን ልቅሶ... ሁለታችንም ፊታችንን አዞርን።

ይቅር ብዬዋለሁ? አላውቅም። ሲቀመጥ ወንበሩን ማንቋቋቱ እንኳ ያበሽቀኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ፈቃድ ወሰድኩ። ሾርባ ሊያበላት ሲታገል ከበሩ ሆኜ አየሁት። ማንኪያውን ሞላው። አገጯ ላይ ፈሰሰ። ላብ አጠመቀው።

«እንዲህ አይደለም፣ ጋሼ።»

ጋሼ አልኩት። አመለጠኝ።

እጁን ይዤ አሳየሁት። በግራህ አገጯን ደገፍ። ማንኪያው ግማሽ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እስክታይ ጠብቅ። ጠበቀ። ዋጠች።

«ሂጂ ተኚ» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ስነቃ አስር ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐዩ ከመስኮቱ ሄዷል። ማንም አልጠራኝም።