የአባባን ላንጊላንጊ ማን ቆረጠው

ይድረስ ለውድ እህቴ ለረያ ቢንት ናስር፣ ዛንዚባር።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እህቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ጠናልሽ? ከአራስ ቤት ከወጣሽ ወዲህ እህል ይበላልሻል ወይስ እንደ ልማድሽ ቀማምሰሽ ነው የምትነሺው? ባልሽ ሐፊዝ፣ ትልቋ ልጅሽ ኑሩ፣ አማትሽ እትዬ ዘምዘም እንዴት ናቸው? ያ አዲሱ ሰውዬስ ጡት ይጠባል? ሌሊት ያስተኛችኋል? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንደሆነ የታወቀ ነው። እናታችንም በአካል ደህና ናት። በአካል ማለቴን ልብ በዪልኝ፤ ብዕር ያስያዘኝም ይኸው ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትዪ ይሆናል። ስልኩማ አለ። ግን እማዬ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ ጭኗ ላይ ነው የማኖርላት፤ አንቺ እዚያ ስታስነጥሺ እዚህ ጎረቤት ሁሉ ይማርሽ ይላል። እሷ ሳትሰማ አንዲት ቃል ልነግርሽ አልችልም። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ጊዜ ይህችን ጻፍኩ። አንብበሽ ስታበቂ ቅደጂልኝ።

ባለፈው ደውለሽ «ላንጊላንጊው ዘንድሮ አበበ ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ የተቋረጠው በራሱ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ከዚያም ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ከጭኗ ነጥቄ «እማዬ ተኝታለች» ብዬ የምዘጋብሽ ውሸቴን ነው። እማዬ ነቅታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እንዳትነግርሽ ፈርቼ ነው። ዛፉ የለም፣ ረያ። ተቆርጧል።

እስቲ ቁጭ በዪና ከሥሩ ልንገርሽ።

አባባ ለዚያ ዛፍ ምን ያህል እንደሆኑለት አንቺ አላየሽም፤ አንቺን ለሐፊዝ ድረው ከዛንዚባር ሲመለሱ ነው ችግኙን በወተት ቆርቆሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይዘውት የመጡት። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ልጅ ሰጥቶ ችግኝ የተቀበለ አባት እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው ይረጥብ ነበር። ሰፈሩ እንደሆነ ድሮም ስቆባቸው አልጠገበም። ተምርና ሎሚ በሚበቅልበት አገር ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ያ ትራስ የሚያክል ፍሬ የሚሰጠው ፌኔሲ ሲደረደር «ናስር ደሴቲቱን ጓሮው ውስጥ ሊዘራት ነው» ይሏቸው ነበር። እሳቸው መች ሰምተው። የጉድጓዳችን ውሃ ባሕር ገብቶበት ጨው ጨው ሲል፣ ላንጊላንጊውን ያሳደጉት ከኤሲው በሚንጠባጠበው ውሃ ነው። በየመስኮቱ ሥር ባልዲ ደቅነው፣ ሲሞላ ተሸክመው፣ ልጅ እንደሚያጠጣ ሰው ቀስ አድርገው ያፈሱለታል። ትኩሱ ነፋስ ሲነሣ በተምር ዝንጣፊ አጥረው ይከልሉታል። አፈሩ ይቅለላቸውና፣ ለእኛ እንኳ እንደዚያ አልሆኑልንም።

አበባ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ቀጥፈው እየገቡ እማዬ ፀጉር ላይ ይሰኩላት ነበር። በየማታው። እሷም ሁልጊዜ «ሂድ ወዲያ፣ አርጅተናል» ትላቸዋለች፤ አውልቃ ጥላው ግን አታውቅም።

አባባ በረመዳን ካረፉ በኋላ ያለውን ቀብሩንም ዱዓውንም በስልክ ነግሬሻለሁ። እማዬ የሐዘን ዒዳዋን የተቀመጠችው በእነሱው መኝታ ቤት ነው፤ መስኮቷ ወደ ጓሮ በምትከፈተው። አራት ወር ከአሥር ቀን ሽቶ የለ፣ ኩል የለ፣ ሂና የለ፣ ባዳ ወንድ አያያት። ጓሮውን እኔ ያዝኩት። ወላሂ አላሳፈርኳቸውም። ባልዲውን አመላለስኩ፣ ቅጠሉን ማታ ማታ ረጨሁ፣ አጥሩን አደስኩ። ሙዙም ፓፓያውም እስከ ዛሬ ደህና ናቸው።

ያ ዛፍ ግን ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ። በአባባ ጊዜ በጣት የሚቆጠር አበባ ይሰጥ የነበረው፣ እሳቸው ባረፉ በወሩ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ በዚያ ቢጫ አበባው ተሸፈነ። ሲመሽ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። አባባ ሰላምታ ላኩ አልኩ በልቤ።

እማዬ መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋች፤ ያውም በዚያ ሙቀት። ቀጥላ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ወተፈች። ሽቶ የተከለከለች ሴት ሽቶ እያሸተተች ዒዳዋ ይበላሻል ብላ የፈራች መስሎኝ እትዬ ሙዛን ጠራሁላት፤ ያቺን ቁርዓን ያቀራችንን ጎረቤታችንን። እትዬ ሙዛ ሰምታ ስታበቃ «አንቺ ሴት፣ የተከለከልሽው የምትቀቢውን እንጂ አላህ ያበቀለውን አይደለም። ነፋሱንም ዒዳ ልታስቀምጪው ነው?» ብላ አሳቀችን። እማዬም ሳቀች። ሙዛ እስክትወጣ ጠብቃ ግን እጄን ያዘችኝ። «ኃጢአቱን አይደለም የፈራሁት» አለችኝ። ታዲያ ምንድን ነው ብላት፣ «ሽታው ሲመጣ አባትሽ አበባውን ይዞ የሚገባ ይመስለኛል። ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። አይገባም። በየማታው ነው የሚሞትብኝ፣ ዙወይና» አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ።

ከዚያ ቁረጪልኝ አለች። እምቢ አልኩ። ዒዳሽ እስኪያልቅ አበባውን እየለቀምኩ እጥላለሁ አልኳት፤ በዚህ ጉልበቴ መሰላል ወጥቼ ለቀምኩም። ግን የዛሬውን ስትለቅሚ የነገው ይፈነዳል፤ ጫፉ ላይ ያለውንስ ማን ይደርስበታል። በመጨረሻ እማዬ እህል ተወች። ሾርባውን ወደ ግድግዳ ገፍታ «ያ ዛፍ እስካለ ወላሂ አልቀምስም» አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ሙዛ ብትገሥጻት አልሆነም። አንገቷ ሲቀጥን እያየሁ ስንት ቀን ልጠብቅ?

የወንድሟን ልጅ ኸልፋንን ጠራሁት፤ እሱ አክስቱ ስለሆነች መግባት ይችላል። ታውቂዋለሽ፣ ቀብር ላይም ቢሆን ሳይቀልድ አይውልም። መጋዙን ይዞ መጣና «አባትሽ በሕልሜ ቢመጡብኝ ወደ አንቺ ነው የምልካቸው፣ የዙወይና ቤት በዚያ በኩል ነው እላቸዋለሁ» አለኝ። እማዬ መስኮቱን ከፍታ ቆማ አየች። ከወገቡ ሊቆርጠው ሲል «ከሥሩ» አለችው። ከሥሩ ቆረጠው። ያን ዕለት ሩዝ በዓሣ በላች፣ ጠግባም ተኛች።

ያን ሰሞን ሌላም ነገር ነበር፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ። ሰግዳ ስታበቃ «የዐስር ሶላትን ሰገድኩ ወይ?» ትለኛለች። እኔን በሞተችው እህቷ ስም ጆኻ እያለች ትጠራኛለች። ሐዘን ነው አልኩ፣ ያልፋል አልኩ። ጆኻ ስትለኝ እኔም እንደ አክስታችን አንገቴን እየሰበቅሁ «አቤት» እላትና አብረን እንስቅ ነበር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የወሰዳት።

ዒዳዋ ያለቀ ዕለት ሴቶቹ በማለዳ ባሕር ዳር አወረዷት። ታጠበች፣ የሐዘን ልብሷን አወለቀች፣ ያንን አባባ የሚወዱላትን አረንጓዴ ለበሰች። ቤት ስንመለስ እትዬ ሙዛ ሽቶ ልትቀባት ብልቃጥ ስትከፍት እማዬ እጇን ይዛ «ቆዪ እስቲ፣ ናስር የተከለልኝ እያለ የገበያ ሽቶ ምን ያደርግልኛል? መጀመሪያ ለፀጉሬ አበባ ልቅጠፍ» ብላ ወደ ጓሮ ዞረች።

እኔ ቀልድ መሰለኝ። ተከተልኳት። ጉቶው ጋ ስትደርስ ቆመች። ቦታ የተሳሳተች መስሏት እስከ ሙዞቹ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ በአዲሱ ልብሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉቶውን በእጇ ዳበሰችው፣ ዳበሰችው። «ማነው?» አለች። «ማነው የባሌን ዛፍ የቆረጠው?»

ሴቶቹ ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ያመጣን ኸልፋን ነበርና በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ አክስቴ፣ አንቺው እኮ…» ብሎ ሲጀምር ከአፉ ነጠቅሁት። «እኔ ነኝ» አልኩ። አስቤበት አይደለም። ፊቷን ብታዪው አንቺም ትዪው ነበር። ለምን ስትለኝ ሌላ ምክንያት ከየት ላምጣ፤ የራሷኑ መለስኩላት፤ «ሽታው አላስተኛኝ አለ» አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና «የአባትሽ አፈሩ ሳይደርቅ» አለች። «ድሮም ልብ የለሽም።»

ከዚያ ወዲህ ከእጄ አትበላም። እኔ እሠራለሁ፣ እትዬ ሙዛ ከቤቷ ያመጣችው አስመስላ ታቀርብላታለች። «ሙዛ፣ እጅሽ ይባረክ፤ የዙወይና ወጥማ ጣዕም የለው» ትላለች የኔኑ ወጥ እየበላች። ሙዛ ታየኛለች፣ እኔ ወደ ማድ ቤት እገባለሁ።

ሐኪም አሳይቻታለሁ። የመርሳት በሽታ ነው፣ ወደ ኋላ አይመለስም ነው ያለኝ። የሚገርመው ቁርሷን ትረሳለች፣ የሰገደችበትን ትረሳለች፣ አንዳንዴ አባባ መሞታቸውንም ትረሳለች፤ የኔን በደል ግን አልረሳችም። ጧት ዓይኗን ስትገልጥ «ያቺ ዛፍ ቆራጭ ተነሣች?» ነው የምትለው። እትዬ ሙዛ «ውሸት ነው፣ እውነቱን ንገሪያት» ትለኛለች። «እሺ ብነግራት፣ አንዴ የረሳችውን ነገም መርሳቷ አይቀርም። በየጧቱ እየነገርኩ በየጧቱ ዛፉን በራሷ እጅ ላስቆርጣት?» አልኳት። በእኔ ላይ ስትቆጣ ቢያንስ አታለቅስም። ትቆጣ።

አልከፋኝም አልልሽም። ከፍቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ከእነሱ ጋር ኖሬ፣ አጥቤ አብስዬ፣ በመጨረሻ ልብ የለሽ ተባልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ ሆዴ አልቻለም። ዛፉ ደግሞ ያንቺ ምትክ እንደነበር አውቃለሁ፤ ለእሱም ልቤ ያዝናል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህ ከደረሰሽ በኋላ ደውዪ፣ እማዬን አገናኝሻለሁ፤ ከእንግዲህ ልደብቃት አልችልም። መጀመሪያ የምትነግርሽ ይህንኑ ነው። አንቺ ደግሞ እኔ ስነካ አያስችልሽም፤ ልጆች ሆነን የኔን ጠብ ሁሉ የምትጣዪልኝ አንቺ ትንሿ ነበርሽ። በሞቴ፣ አሁን እንዳትጣዪልኝ። «ዙወይና እንዲህ አታደርግም» እንዳትዪ። እንዲያ ካልሽ እማዬ ትጠራጠራለች፤ ከተጠራጠረች «ታዲያ ማነው?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ተቆጪኝ። ለይስሙላ አይሁን፣ ያ የምናውቀው ቁጣሽ ይምጣ። «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት፣ አባቷንም አልወደደችም» በዪ። ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፣ እኔም አጠገቧ ነኝ፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ስትሰድቢኝ ስሰማ ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ አውቃለሁ።

ለሐፊዝ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ላንቺ ስለሚያዝንልሽ አላህ ይዘንለት በዪው። የእትዬ ዘምዘምን ጉልበት ስሜያለሁ። ኑሩን አክስትሽን ናፍቀሻታል በያት፤ ፊደል ከቆጠረች ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። ትንሹን ናስር ግንባሩን ሳሚልኝ። እማዬ ግን ስሙን በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትዞራለችና ለጊዜው ስልክ ላይ «ሕፃኑ» እያልሽ ጥሪው። ኸልፋንና እትዬ ሙዛ ሰላም ብለውሻል። እማዬ ሰላም ብላሻለች እንዳልልሽ፣ መጻፌን አታውቅም።

የአባቷን ዛፍ ያስቆረጠችው እህትሽ
ዙወይና ቢንት ናስር

ሰሃም፣ ኦማን
ሰፈር 17 ቀን 1440 ዓመተ ሒጅራ